ሁለት ግራ እጅጌ

ለወዳጅ ለጎረቤት ሁሉ አንድ ታላቅ ጉዳይ በአክብሮት አስታውቃለሁ፦ በሰፈራችን በአንድ ኮት ላይ ሁለት ግራ እጅጌ ተተክሏል። ኮቱ የእኔ ነው። የተከሉት ደግሞ የሚለኩትን ሁሉ «ቀጥ በል» ስለሚሉ ስማቸው ራሱ ጋሽ ቀጥ በል ሆኖ የቀረው ልብስ ሰፊ ናቸው።

ኮቴን ልወስድ ስገባ ጋሼ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ገና ለአቤቱታ አፌን ስከፍት የእህታቸው ልጅ፣ ፋርማሲስቷ፣ ቀሚሷን ልታሳጥር ገባች።

«አጎቴ፣ ምነው እንዲህ አላበዎት?»

«የካውያው ሙቀት ነው።»

ካውያው ሶኬት ላይ አልተሰካም።

«እጅዎም ይንቀጠቀጣል።»

«እርጅና ነው፤ አንቺም ትደርሺበታለሽ። ይልቅ ደስ ይበልሽ፤ የወገቤን ሕመም ድራሹን አጠፋሁት። ጎረቤቴ ተርፎት የሰጠኝ ትራማዶል የሚሉት ማስታገሻ ነው።»

«የስኳር ኪኒንዎንስ?»

«እሱንማ መቼ አቋርጬ አውቃለሁ?»

«ዛሬ ምን በሉ?»

«አፌ አልፈቀደም።»

ልጅቷ ከመሳቢያቸው የስኳር መለኪያውን አውጥታ ጣታቸውን ወጋች። ጋሼ ቁጥሩን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ወረደ! ዕድሜውን ሽቅብ ሲጋልብ የኖረ ስኳር ወረደ። ኪኒኑ ወገቤንም ስኳሬንም ገራልኝ።»

«ይሄ መውረድ አይደለም አጎቴ፣ መውደቅ ነው። ሱሪ ሲረዝም ያሳጥራሉ። ጉልበት ላይ ሲደርስስ?»

«ቁምጣ ይሆናል።»

«የርስዎም ስኳር ቁምጣ ሆኗል» አለችና በብርጭቆ ውሃ ስኳር በጥብጣ አቀረበች።

«ለስኳር በሽተኛ ስኳር? ሂጂ፣ ዲግሪሽን መልሺ።»

«ትራማዶል ሕመም ብቻ አይደለም የሚቀንሰው። በአንዳንድ ሰው ስኳርም ይጥላል፤ የስኳር ኪኒን ለሚውጥ ደግሞ ይብሳል። በዚያ ላይ ምግብ ያስጠላል፣ ያደነዝዛል። ስኳርዎ ሲወድቅ ‹እንቅልፍ ነው› ብለው ጋደም ይላሉ፤ በዚያው ላይነሱ ይችላሉ።»

«እኔ ምንም አልሆንኩም።»

«እንግዲያው ይቺን መርፌ ክር ያግቡባት። ካገቡ አፌን እዘጋለሁ።»

ክሩ በመርፌዋ ግራ አለፈ፣ በቀኝ አለፈ። በጨለማ ክር ያገባሉ የሚባሉት ሰው ቀና ብለው አላዩንም፤ ብርጭቆውን አንስተው ጨለጡት።

ከሩብ ሰዓት በኋላ መለኪያው ደህና ቁጥር አሳየ። ጋሼ መርፌዋን አንስተው ክሩን ባንድ ሙከራ ሲያሳልፉ እኔና ልጅቷ አጨበጨብን። ከዚያ ዓይናቸው ኮቴ ላይ አረፈ።

«ይሄን ደግሞ የትኛው እንጭጭ ነው የሰፋው?»

ሁለታችንም ወደ እሳቸው አየን። እሳቸውም የገዛ ስፌታቸውን ሲለዩ ኮቱን ቀስ ብለው ገለበጡት። ዳቦ አብልተን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው።

ሐኪሙ ማስታገሻውን ለወጠላቸው፣ የወገብ እንቅስቃሴ አዘዘላቸው፣ ስኳራቸውን ቶሎ ቶሎ እንዲለኩ ነገራቸው። ዛሬ ወገባቸውም ቀና፣ ስፌታቸውም ቀና። ለእኔም እንደ ሰው ቀኝና ግራ ያለው ኮት ሰፍተውልኛል። በሰፈራችን የተረፈ ኪኒን ከቤት ቤት መዞሩ ቀርቷል፤ ወገብ የሚለካ ሁሉ በጋሼ ይመረመራልና፦ «ስኳር አለብህ? ማስታገሻ ትውጣለህ? ሐኪምህ ሁለቱንም ያውቃል?»

አሮጌው ኮት ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው አንድ ደንበኛ ክንዱን ዘርግቶ እየተለካ አፍጥጦ ያየው ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ኮት ለምንድነው ሁለት ግራ እጅጌ ያለው?»

«አልናገርም» አሉ ጋሼ። «ቀጥ በል።»