አለቃው የበላው ዳቦ

አንድ ድፎ ዳቦ በዘርፌ ጉሮሮ ላይ አራት ዓመት ቆሟል። መጋዘን አብራት የምትሠራው ጽጌ ወገቧን ተጎድታ ስትባረር «ሽማግሌ እንላክ» ያለችው ዘርፌ ራሷ ናት። ሦስት አዛውንት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እሷ የጋገረችውን ዳቦ ይዘው አለቃው ቢሮ ገቡ። አለቃው ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ ዳቦውንም አመስግኖ በላ። ጽጌን ግን አልመለሳት። ዛሬም በምርኩዝ ነው የምትሄደው።

በፈረንጆቹ 2022 የካቲት፣ በስደት በምትኖርበት ከተማ ሞርስ ሮድ በሚባለው ጎዳና ላይ በረዶ ውስጥ ቆማ አውቶቡስ ስትጠብቅ የሥራ ባልደረባዋን የሰብስቤን ልጅ ሰምሀልን አገኘቻት። ሰምሀል ዩኒቨርሲቲ እየተማረች እዚያው መጋዘን ትሠራለች። ዩኒየን፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበር፣ ለማቋቋም የድጋፍ ካርድ ታስፈርማለች።

«እትዬ ዘርፌ፣ የዩኒየኑን ካርድ ሳይን አደረጉ?»

«አላደረግኩም። እንጀራዬን ላጣ? አባትሽ ከላኩሽ ንገሪያቸው።»

«አባዬም አላደረገም። እርስዎን እያየ ነው።»

ዘርፌ ይህን አልጠበቀችም።

«ስለ አንድ እንግሊዛዊ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ፔፐር እየጻፍኩ ነው» አለች ሰምሀል። «በአሥራ አራት ዓመቱ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። ወንድሙ እጁን ሰንሰለት ቆርጦት ሲባረር፣ ቆቡን አውልቆ አለቃውን ለመነ። አለቃው ሻይ አጠጣው።»

«ሻይ?»

«ሻይ። ወንድሙን ግን አልመለሰም። ከዚያ በኋላ የሠራተኛውን ስም መሰብሰብ ጀመረ። ታሰረ። ሥራ የሚሰጠው ጠፋ፤ ሚስቱ ልብስ አጥባ አበላችው። ወደቡ በሙሉ ሲፈርም ግን አለቆቹ ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ የተጎዳ እንዳይባረር በውል ተጻፈ። ኋላ ማኅበሩን ሠላሳ ዓመት መራ።»

«ወንድሙስ?»

«ውሉን ሳያይ ሞተ።»

ዘርፌ በረዶውን በጫማዋ ገፋ ገፋ አደረገች።

«እሱ በአገሩ ነው። እኛ ስደተኞች ነን።»

«እርስዎ ሲቲዝን ነዎት እኮ።»

«ሲቲዝን የሆነው ወረቀቴ ነው፤ ሆዴ ገና ይፈራል። ደግሞስ ሽማግሌ መላክ ነውር ነው ልትይኝ ነው?»

«አይደለም። ሽማግሌ የተጣሉትን ያስታርቃል። አለቃው ግን አልተጣላዎትም። አያውቅዎትም።»

እውነቷን ነው። ሽምግልና የሚይዘው ይሉኝታ ያለውን ነው፤ መጋዘን ይሉኝታ የለውም። ብቻውን የሚለምን ሰው ቢበዛ ፈገግታ ያገኛል። አብረው የፈረሙ ሰዎች ግን የዕረፍት ሰዓት፣ ለተጎዳ ሕክምና፣ ያለ ምክንያት ላለመባረር ዋስትና መጠየቅ ይችላሉ። ሊከለከሉም ይችላሉ፤ ግን ብቻቸውን አይከለከሉም።

አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። ዘርፌ አልተሳፈረችም።

«እስክሪብቶ አለሽ?»

በተንጋደደ ጽሕፈቷ ካርዱ ላይ ስሟን ጻፈች፤ የቀሩትንም ካርዶች ተቀበለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ይዛ የሠራተኛውን ቤት አንድ በአንድ ዞረች፤ ከሰብስቤ ጀመረች። ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ሦስተኛውን ኮቪድ ወስዷቸዋል።

ዳቦ አልጋገረችም።