የተቀቀለው ብርድ ልብስ

ባሌ የነገሌ ጦር ሰፈር ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ነበር፤ ከጠላት ይልቅ ጀርም የሚፈራ ወታደር! የመጀመሪያ ልጃችን ሊወለድ ሲቃረብ፣ ከልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምኜ ብርድ ልብስ ልገጣጥም ስል፣ «ሳይቀቀል መርፌ አይነካውም! ከሞያሌ እዚህ እስኪደርስ ስንት እጅ ነክቶታል?» አለኝ። ማጠቡንስ እኔም አልጠላሁትም፤ አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ ከተሰፋ ኋላ ይሰበሰብና ስፌቱን ያጨማድደዋል። እሱ ግን በአህያ የመጣልንን ውሃ በሙሉ በርሜል ውስጥ ገልብጦ ጨርቁን ሁሉ አንድ ላይ ከትቶ ጣደው! ውሃው ሲቀላ ደግሞ «አየሽ ጀርሙ ሲወጣ?» ይለኛል። «ኧረ ቀዩ ጨርቅ ቀለሙን ለቆ ነው!» ብዬ ብጮህ ማን ሰምቶኝ! ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆኖ ወጣ።

ብቻ ሰፋሁት። ልጁም ተወለደና በዚያው ጠቀለልኩት። ባሌ በር ላይ ቆሞ ጠያቂውን ሁሉ እጅ ያስታጥባል። ወተት የሚያመጡልን ጎረቤታችን፣ የቦረናዋ እናት አዴ ቱሜ፣ እሳቸውም ታጥበው ገቡ። ልጁን ታቅፈው «ናጋ! ናጋ! በሰላም እደግ» እያሉ እንትፍ፣ እንትፍ አሉበት፤ የአገሩ ምርቃት ነው። ምራቃቸው ያ ሁሉ ውሃ ያለቀበት ብርድ ልብስ ላይ አረፈ። እኔ ዞር ብዬ ባሌን አየሁት። ጃንሆይ ይሙቱ አልዋሽም፣ ቆቡን አውልቆ ጎንበስ አለና «አዴ፣ እኔንስ?» አላቸው።

ሲወጡ ላበሽቀው ብዬ «ውሃ ልጣድ እንዴ?» አልኩት።

ልጁን ከነብርድ ልብሱ እቅፍ አደረገና ተቆጣኝ፦ «የልጄን ምርቃት ልታጥቢብኝ ነው?»