በዘር ስንዴ ውስጥ የተሸሸገ ብር

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። እኔ ነበርኩ፤ ቀብሬያለሁም። ስለዚህ የዚያን ቀን ነገር ከእኔ አብልጦ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሟገተኝ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ለክርክር ጊዜ አያጣም።

የድሮ ባልደረባዬ መምህር ኃይለየሱስ ማረፉን ሰምቼ ከአዳማ በጠዋቱ ሚኒባስ ሁሩታ ገባሁ። ከመቃብር ተመልሰን፣ እጃችንን ታጥበን ድንኳን ስንገባ ቦታ ሞልቶ ስለነበር ዳር ላይ ካለች አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያሉትን ሰው ዘወር ብዬ ሳይ አቶ ገብረኪዳን ናቸው። አቶ ገብረኪዳን የሟቹ የአጥር ጎረቤት፣ ስንዴ አምራች፣ ልጆቻቸውን ያስተማርኩላቸው፣ በከተማው ደግሞ በጥንቃቄ የታወቁ ሰው ናቸው። በር ከቆለፉ በኋላ ተመልሰው መጥተው በትከሻቸው የሚገፉት እሳቸው ናቸው።

ያን ቀን ግን ፊታቸው አመድ መስሏል። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው፣ ሴቶቹ ንፍሮ ወደሚቀቅሉበት ጓሮ አፍጥጠዋል። የመጀመሪያው ንፍሮ ወጥቶ፣ ለማታው ለቀስተኛ ሁለተኛው ድስት ሊጣድ ስንዴ ይለቀም ነበር። አንዲት ሴት በጣሳ ከማዳበሪያ እየዘገነች ሰፌድ ላይ ትገለብጣለች። ጣሳው ማዳበሪያው ውስጥ በገባ ቁጥር አቶ ገብረኪዳን ትንፋሻቸውን ይውጣሉ።

እኔ ሐዘኑ የጠናባቸው መስሎኝ፣ ሞት ለማንም የማይቀር መሆኑን፣ ኃይለየሱስም ስሙን ትቶ መሄዱን እየነገርኩ ላጽናናቸው ሞከርኩ። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቁኝ።

«መምህር፣ የሞተስ ዐረፈ» አሉኝ። «ያ በቀይ ክር የተሰፋው ማዳበሪያ የእኔ ነው።»

«ታዲያ መልካም አደረጉ። እግዜር ይስጥልን።»

«ውስጡ ብር አለ።»

ከዚያ ጆሮዬ ሥር ተጠግተው ጉዱን አጫወቱኝ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩነሽን የሐሞት ጠጠር ከያዛቸው ቆይቷል። ሕመሙ ሲነሳባቸው ቀኝ ጎናቸውን ይዘው መሬት ላይ ይንከባለላሉ። አዳማ ያሉት ሐኪሞች ከዚህ በላይ መቆየት እንደማይቻል ነግረዋቸው፣ ለሚመጣው ሐሙስ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ሰጥተዋል። ለዚሁ ሲባል ጥንድ በሬዎቻቸው ተሸጡ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ብሩ ባንክ ይግባ ብለው ለመኑ፤ አቶ ገብረኪዳን አሻፈረኝ አሉ። ብሩን በፌስታል ጠቅልለው፣ እንደ ልማዳቸው ከብስክሌት ካላማዳሪያ በተቀደደ የጎማ ክር አስረው፣ ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ ለዘር ካስቀመጡት ስንዴ ውስጥ ቀበሩት። ዘር አይበላም፣ አይሸጥም፤ ሌባም ቢገባ ስንዴ ተሸክሞ አይሮጥም ብለው ነው። አስተሳሰቡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሞኝ አይደለም።

የረሱት ሚስታቸውን ነው። በዚያ ጠዋት እሳቸው መቃብር ሲያስቆፍሩ፣ ከለቅሶ ቤት ስንዴ የሚሰበስቡ ሰዎች መጡ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ደግሞ ለኃይለየሱስ ለቅሶ ተራ ስንዴ አላወጣም ብለው፣ ከቤት ካለው ሁሉ የጠራውንና የተበጠረውን መርጠው ሰጡ። በአገራችን ለሐዘን የሚሰጠው ምርጡ ነው። ምርጡ ደግሞ የዘሩ ስንዴ ነበር።

ከፊታችን የተቀመጠው ለሚ ይህን ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። ለሚ የሰፈሩ ልጅ፣ የእኔም ተማሪ የነበረ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አሁን አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ኃላፊ ነው። ዘወር ብሎ «አካም ጅርቱ ጋሼ» ብሎ እጅ ነሳቸውና፣ ማዳበሪያው በስህተት የመጣ ነው ብዬ ተሸክሜ ልውጣ ወይ ሲል ጠየቀ።

አቶ ገብረኪዳን ክንዱን ጨምድደው ያዙት። «ለቅሶ ቤት የገባ እህል ተመልሶ አይወጣም። በቤቴ ላይ ላሟርት ነው?»

ደግሞም፣ አሉ፣ እድርተኛው ሁሉ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ከተነሳ እስከ ማታ በአጎራባቾቹ ከተሞች በዴራም በኢተያም ይሰማል። ከሴቶቹ ጋር ያለችውን ጥሩነሽን በምልክት እንጥራት ብንል፣ እሷ ድንገት ብትሰማ እዚያው ትወድቃለች አሉ። የቀረን ተስፋ አንድ ብቻ ነበር። ጣሳው ብሩ ካለበት መሃል ሳይደርስ ድስቱ ከሞላ፣ ሲመሽ ለሚ ጓሮ ገብቶ ማዳበሪያውን ይዳብሳል። እኛም ሦስታችን ለቅሶ ላይ ተቀምጠን የጣሳ ድምፅ ማዳመጥ ጀመርን። እግዜር ይቅር ይበለን እንጂ ከዚያ በኋላ ኃይለየሱስን ያሰበው አልነበረም።

ለሚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባንኩ ያለው ከደጃፍዎ መንገድ ተሻግሮ ነው። ለምን ስንዴ ውስጥ?» አላቸው።

አቶ ገብረኪዳን ዓይናቸውን ከጓሮው ሳይነቅሉ መለሱለት። መልሱም ተዘጋጅቶ የቆየ ነበር። አንድ ጊዜ ባንክ አስቀምጠው ያውቃሉ፤ ወንድማቸው ታሞ ሊያወጡ ቢሄዱ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ» ተባሉ። በሽተኛ ነገ ይመለሱ አይባልም፤ ጎረቤት ለምነው ነው ያሳከሙት። የወፍጮ ቤቱ ኑሬስ? አንድ ምላሱ ማር የሆነ ሰው ስልክ ደውሎ ሽልማት ደርሶሃል ብሎት፣ የሚስጥር ቁጥሩን ተቀብሎ ሙልጭ አድርጎት የለም? ባንክ ቤት የተቀመጠችውም የአማቻቸው እህት ልጅ ናት፤ ያላቸውን አይታ ለዘመድ ብታወራ የብድር ጠያቂ ሰልፍ ደጃቸው ላይ ይቆማል። ወለድ የሚሉትም የስንዴ ዋጋ በሁለት ገበያ የሚበልጠው ነገር ነው።

«ገንዘብ ማለት» አሉ፣ «ሲጨንቅህ እጅህን ሰደህ የምትዳብሰው ነው።»

እኔ በልቤ ማርክ እየሰጠሁ ነበር። ከግማሽ በላይ አግኝተዋል። «ሲስተም የለም» ተብዬ ስንት ቀን የተመለስኩ ሰው ነኝና አልፈርድባቸውም።

ለሚም ብልህ ልጅ ነው፤ የሚያስኬደውን አልካደም። የሲስተሙ ነገር እሱንም እንደሚያበሳጨው፣ ግን በማግሥቱ ገንዘቡ አንድ ብር ሳይጎድል እንደሚገኝ ነገራቸው። ኑሬን ባንክ አልዘረፈውም፤ የቤቱን ቁልፍ በገዛ እጁ ለሌባ ሰጠ እንጂ። የሚስጥር ቁጥር ለባንክ ሠራተኛም፣ ለልጅም፣ ለንስሐ አባትም አይነገርም። የሰው ሂሳብ ይዞ የሚያወራ ሠራተኛ ደግሞ እንጀራውን ያጣል።

«ወለዱን ልክ ብለዋል ጋሼ» አለ። «ባንክ ብር አያሰባም። የሚሰባ ነገር ከፈለጉ በሬ ይግዙ። የባንክ ጥቅሙ፣ ለሐሙስ የሚያስፈልግ ብር እስከ ሐሙስ እንዲቆይ ነው።»

በዚህ መሃል ጣሳዋ አንድ ነገር ነካችና ቆመች። ሴትዮዋ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። አቶ ገብረኪዳን ጉልበቴን ጭምቅ አድርገው ያዙ። ሴትዮዋ የተጋገረ የስንዴ ጓል አውጥታ በመዳፏ ፈረፈረችው፣ መዝገኗንም ቀጠለች። ጉልበቴ እስከ ማግሥቱ አመመኝ።

ለሚ ትንሽ ቆይቶ፣ ብሩ የተቀየረ ጊዜ ምን እንዳደረጉ ጠየቃቸው። ያን ጊዜማ አሮጌውን ብር አይጥ ከጀመረው ጠርዝ ጋር ተሸክመው፣ ቀኑ አለፈ አላለፈ እያሉ ነፍሳቸው ልትወጣ እስክትደርስ ሰልፍ ውለው ነበር። ማን ቀየረልዎት ቢላቸው፣ «ባንክ ነዋ» አሉ ሳይወዱ በግድ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እርስዎ ድንገት አንድ ነገር ቢሆኑስ? ብሩ የት እንዳለ ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቅ ነበር?»

ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ድፍረት ነው፤ ልቆጣው አስቤ ነበር። ግን አቶ ገብረኪዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ከጓሮው አንስተው፣ ጠረጴዛ ላይ ከሻማ ጋር የቆመውን የኃይለየሱስን ፎቶግራፍ ተመለከቱ። ኃይለየሱስ ማታ ራቱን በልቶ ተኝቶ ነው ጠዋት ያልተነሳው።

ከጓሮ «እንዴ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ጣሳው ዝም አለ። ሴቶቹ ተሰባሰቡ፤ አንዷ ወደ ቤት ሮጠች። ለሚ ሊነሳ ሲል ጊዜው አልፏል። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ልዩ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ በጎማ የታሰረውን ፌስታል በሁለት እጃቸው ታቅፈው ወንዶቹ ወዳሉበት ድንኳን ገቡ። ማዳበሪያው ከማን ቤት እንደመጣ ሴቶቹ ነግረዋቸው ኖሮ፣ ቀጥ ብለው መጥተው አቶ ገብረኪዳን ፊት ቆሙ።

«ጋሽ ገብረኪዳን» አሉ፣ ከለቅሶ ብዛት ድምፃቸው ሻክሯል። «ኃይለየሱስ የልጆቹ ነገር እንዳሳሰበው ነው የሞተው። እርስዎ ሰው ፊት እንዳላፍር ብለው በእህል ሸሽገው ላኩልኝ። ቀኝዎ የሰጠውን ግራዎ እንዳያይ አደረጉ። ምን ብዬ ልመርቅዎት?»

ድንኳኑ ተነቃነቀ። ሽማግሎቹ እየተቀባበሉ መረቁ፤ ዘርህ ይባረክ፣ ጎተራህ አይጉደል፣ እንዳንተ ያለውን ጎረቤት ያብዛልን አሉ። ሕዝቡም አሜን አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ቢናገሩ ባል የሞተባትን ሴት እጅ ፈልቅቀው ብር መውሰዳቸው ነው፤ ዝም ቢሉ ሚስታቸውን መሸኘታቸው ነው።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ከወይዘሮ ልዩ ኋላ ቆመው ነበር። ጎማውን አዩት። በቤታቸው በብስክሌት ጎማ የሚያስረው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ባላቸውንም አዩ። ሁሉ ነገር እንደገባቸው ከፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ቀኝ ጎናቸውን በመዳፋቸው ደግፈው አንገታቸውን ደፉና፣ ቀስ ብለው፣ «አሜን። እግዜር ይቀበለን» አሉ።

ያቺ አሜን ናት አቶ ገብረኪዳንን ያስነሳቻቸው።

«አልሰጠሁም» አሉ። «ልዩ፣ ይቅር በይኝ፣ አልሰጠሁም። የጥሩነሽ መታከሚያ ነው። ከሌባም፣ ከባንክም፣ ከእሷም ሸሽጌ ነው እዚያ ያስገባሁት። አላወቀችም፤ ላንቺ ምርጡን ልስጥ ብላ ነው።»

አቶ ገብረኪዳን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሽማግሌ ሰው በአደባባይ እንዲህ ሲያፍር ማየት ያሳቅቃል፤ እኔም ብሆን መሬት ተሰንጥቃ ትዋጠኝ ነበር የምለው። ወይዘሮ ልዩ ዞረው ፌስታሉን ከወይዘሮ ጥሩነሽ እቅፍ አኖሩት።

«እኔ ዛሬ አንዱን ቀብሬ መጣሁ» አሏቸው። «ሁለተኛ ቀባሪ አታድርጊኝ። ሂጂ ታከሚ።»

ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ድንኳኑም አብሮ አለቀሰ። ኃይለየሱስ በሚገባው ልክ የተለቀሰለት ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ሲመሽ አቶ ገብረኪዳን ለሚን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። «ሲስተም የለም ባሉኝ ቀን፣ ገንዘቤ የት ነበር?» አሉት።

«እዚያው ባንክ ጋሼ።»

«ዛሬስ?»

«ድስት አፍ ላይ» ብለው ራሳቸው መለሱ።

በማግሥቱ ባንኩ ሲከፈት እኔ፣ ለሚና ባልና ሚስቱ ደጁ ላይ ነበርን። አቶ ገብረኪዳን ሂሳቡ በሁለቱም ስም እንዲሆን፣ ሚስታቸውም ብቻቸውን ማውጣት እንዲችሉ አዘዙ። ያቺ የአማቻቸው እህት ልጅ ገንዘቡን ተቀብላ፣ የገባውን የሚገልጽ መልእክት በሁለቱም ስልክ ስትልክ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ያላቸውን ገንዘብ ልክ በትዳር ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አወቁ። አቶ ገብረኪዳን ደረሰኙን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ፤ ወጥተን ሳንርቅ ደግሞ ተመልሰው የባንኩን በር በትከሻቸው ገፋ አደረጉት። ጥበቃው ገርሞት አያቸው። ሐሙስ ዕለት አዳማ ሲሄዱ ብር በብብት ይዞ ሚኒባስ ውስጥ መንቀጥቀጥ አልነበረም። የሆስፒታሉ ክፍያ ከሂሳባቸው ተላለፈ፤ እሳቸውም እጃቸው ባዶ ስለነበር የሚስታቸውን እጅ ያዙ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ባንክ ገነት ነው አላልኩህም። ሰልፉ አለ፣ ሲስተሙ አለ፤ የሚስጥር ቁጥርህን ከጠበቅህ ግን ገንዘብህን አይጥ አይበላውም፣ እሳት አይደርስበትም፣ ደግ ሚስት በስህተት አትመጸውተውም፣ አንተ ብታልፍም ለልጆችህ ተጽፎ ይቆያል። ከሁሉ በላይ ግን በአንድ ትራስ ከምትተኛው ሰው የሚሸሸግ ገንዘብ፣ ስንዴም ውስጥ ይሁን ባንክ፣ መጥፎ ቦታ ነው የተቀመጠው። ይህን አቶ ገብረኪዳን አሁን ከእኔ በተሻለ ይሰብካሉ፤ ሁሩታ ገበያ ሄደህ ብትጠይቅ ያስመሽሃል።

ለኃይለየሱስ አርባ ተመልሼ ሄድኩ። አቶ ገብረኪዳን ለድግሱ እንዲሆን አንድ ማዳበሪያ ስንዴ አሸክመው ከባለቤታቸው ጋር መጡ፤ ይህኛው የእውነት ስጦታ ነበር። ወይዘሮ ልዩ አመስግነው ተቀበሉና፣ አፉን ፈትተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ስንዴው ውስጥ ሰደዱ። ዳበሱ፤ ወዲያ ወዲህ አገላበጡ።

«ዛሬስ ስንዴ ብቻ ነው» አሉ።

ባላቸው ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። አቶ ገብረኪዳንም እያፈሩ ሳቁ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ደግሞ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ጎናቸውን ሳይዙ።