ጠያቂ ያጣ ምክር

ግባ፣ ግባ! ዌንደል ነው ያልከኝ አይደል? እኔን ቴልማ በለኝ። ኧረ ጫማህን አትጥረግ፣ ምንጣፉ ከእንግዲህ የኛ አይደለም። መኪናዋን የት አቆምካት? ቢጫው መስመር ላይ? ግድ የለም፤ የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪው የቻንስሪ ሌንን ጎዳና ዞሮ እስኪመለስ ሃያ ደቂቃ አለህ። ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ መስኮት ሳየው ኖሬያለሁ፣ ከሚስቱ ይልቅ እኔ ነኝ የማውቀው።

መጀመሪያ ሻይ ልቅዳልህ። ወተት ይግባበት? ስኳርስ? ማንቆርቆሪያውን ሆን ብዬ ነው ሳላሽገው የተውኩት፤ ሰው ከቤት ሲወጣ መጨረሻ የሚታሸገው ማንቆርቆሪያው ነው። እዚያ ካርቶን ላይ ተቀመጥ፣ አይሰበርም፣ የሕግ መጽሐፍ ነው። አቤት ቀኑ! ለንደን ክረምት ከበጋ ስታለቅስብን ኖራ፣ ቤት የምንለቅ ዕለት ፀሐይዋን አወጣች። አከራዩ ከላይም ዘመድ አለው መሰለኝ።

በሩን አትዝጋው… ክፍት ይሁን፣ አየር ይግባ። እዚያ ውስጥ ጠረጴዛቸው ላይ ያቀረቀሩት? የቢሮው አለቃ ናቸው። ኧረ አንረብሻቸውም! ስለ እሳቸው መች አወራን? ደግሞ ቢሰሙስ ምን ክፉ ነገር ይሰማሉ? ጆሯቸው ደህና ነው፣ ፈጣሪ ይመስገን… እንደ ዓይናቸው አይደለም።

ይህ የጠበቆች ቤት ነው፣ ዌንደል። ባለጉዳይ ፊት ለፊት የሚያናግሩት ዓይነት አይደሉም፤ እነዚያ ሌሎች ናቸው። የኛዎቹ ዊግ ደፍተው ዳኛ ፊት የሚቆሙት ናቸው። እነዚያኞቹ ጠበቆች ወረቀቱን በሮዝ ጥብጣብ አስረው ይልኩልናል፣ የኛዎቹ አንብበው ምክር ይጽፋሉ። አሥራ አራት ናቸው፤ አሥራ አራቱም የሱቅና የቢሮ ኪራይ ነው ሙያቸው። አሥራ አራት የቤት ጠበቃ… እና አንተ ዛሬ ከነካርቶናቸው ወደ መጋዘን ትወስድልኛለህ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። እኛ ደግሞ ማደሪያ አጥተን የማደሪያ ሕግ ተሸክመን እንዞራለን።

አትሳቅ! ሻይህን ታፈሳለህ።

ሥራ እስክትጀምር አንድ የማውቃቸው ጠበቃ አሉ፣ የሳቸውን ላጫውትህ። ስም አልጠራም። ስም አለመጥራትን የተማርኩት እንዲያውም ከሳቸው ነው። አንድ ወረቀት ሲመጣላቸው የመጀመሪያውን ገጽ፣ ስምና አድራሻ ያለበትን፣ ገልብጠው ያልፉታል። «ስም ትርፍ ነው ቴልማ፣» ይላሉ። «ተከራይ አለ፣ አከራይ አለ፣ በቃ!» እንዴት ያለ ጥልቅ አነጋገር ነው? ባለሱቁ ስሚዝ ይሁን ጆንስ ለሕግ ምኑ ነው? ትልቅ ሰው በዝርዝር አይያዝም።

እና እኝህ ሰው ሲጀምሩ አንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ነበረች ጉዳያቸው። አከራዩ ለባለፀጉር ቤቱ የውጣልኝ ደብዳቤ ሲልክ ቀኑን በአንድ ቀን አሳሳተ። አንድ ቀን! ያኔ ልጅ እግር የነበሩት ጠበቃ ያቺን አንድ ቀን ይዘው ዳኛው ፊት ቆሙ፣ ረቱ። ባለፀጉር ቤቱ አልቅሶ «ዕድሜ ልክህን በነፃ አስተካክልሃለሁ» አላቸው። አስተካከላቸውም… የሚስተካከል እስካለ ድረስ። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛቸው? ከሥጋ ቤት ወደ ገበያ አዳራሽ፣ ከአዳራሹ ወደ ፎቅ፣ በመጨረሻም የሐሩን ካባ፣ የታላቅ ጠበቃነቱን ማዕረግ፣ ለበሱ። ዛሬ ለተከራይ፣ ነገ ለአከራይ። እንዴት እንደዚህ ይገላበጣሉ እንዳትለኝ፤ በኛ ሙያ እንደ ታክሲ ነው፣ ቀድሞ እጁን ያነሳውን መጫን ግዴታ ነው። አቅጣጫ የመንገደኛው ነው… ሾፌሩ የት እንደሚኖር ማን ይጠይቀዋል?

ስለ ቀን ደግሞ መጽሐፍ ጽፈዋል! ስድስት መቶ ገጽ። የተቀመጥክበት ካርቶን ውስጥ ሃያ ቅጂ አለ፣ ምቾቱ እንዴት ነው? ነገሩ ቀላል ነው አሉ። አከራዩ «በዚህ ቀን ልቀቅልኝ» ብሎ ይጽፋል። ተከራዩ ከዚያ ቀን በፊት ፍርድ ቤት ካመለከተ መብቱ አለ፣ ይከራከራል። ቀኑ ካለፈች ግን ማልቀስም ማመልከትም የለም፣ ዕቃህን ጫን ነው። ያቺን ቀን እንደሳቸው የሚያውቃት ሰው በእንግሊዝ ምድር የለም። ስንቱን አስለቀቁባት! አንዱን ጫማ ሰሪ፣ ትዝ ይለኛል፣ በአንዲት ቀን መዘግየት ከአባቱ ሱቅ ሲያስወጡት «ሕግ ለእንቅልፋም አይቆምም» ብለውት ነበር። ምን ያለች ቃል ናት! እኔ እንኳ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳት።

ብስኩት ውሰድ እንጂ።

አንዲት ነገር ብቻ አለችባቸው፣ እሷም ከጨዋነት ነው። በሮዝ ጥብጣብ ያልታሰረ ወረቀት አያነቡም። የመብራት ወረቀት፣ የሠርግ ጥሪ፣ ምኑም ምኑም! ሳይታሰር ከመጣ ለሳቸው አልመጣም። ባለቤታቸው የልደት ካርዳቸውን በጥብጣብ አስረው «አስቸኳይ» ብለው ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጡላቸው፣ አንብበው የሕግ አስተያየት ጽፈው መለሱላቸው አሉ። ይህቺን እንኳ ሰው ጨምሮባት ይሆናል።

ባለፈው ኖቬምበር ታዲያ፣ ለአንድ ቢሮ እንደዚያ ያለ የልቀቅ ደብዳቤ መጣ። የትኛው ቢሮ አልልህም… አሥራ አራት ጠበቆች ያሉበት ነው። ለንደን ሰፊ ከተማ ናት፣ እንዲህ ያለ ቢሮ ሞልቷል። አከራዩ «እስከ ጁን ሃያ አራት ልቀቁልኝ» ይላል። የዚያ ቢሮ ዋና ጸሐፊ አንዲት ሞኝ ሴትዮ ናት፣ ዕድሜዋ እንደኔው፣ ጉልበቷን እንደኔው የሚያማት። ምን አደረገች? እንዲያነቡላት ብላ ደብዳቤውን በሮዝ ጥብጣብ አሰረችና እጃቸው ላይ ሰጠቻቸው። ማሰሯን አትክድም። የሷ ጥፋት ይህቺ ናት ካልከኝ እቀበልሃለሁ።

እሳቸውማ እንዴት ደስ እንዳላቸው! የመጀመሪያውን ገጽ ገልብጠው አለፉት… ስም ትርፍ አይደል? «ግሩም ማስጠንቀቂያ ነው!» አሉ፣ ብዕራቸውን አነሱ፣ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሲጽፉ ዋሉ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል፣ ሰምተህ ታውቃለህ። እኔ ግን የራሱ እያረረ፣ የራሱን፣ የሰው መስሎት የሚያማስል ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ማማሰሉን ደግሞ እንዴት አሳመሩት!

ከዚያማ ወረቀቱ ቁምሳጥን ገባ። ለምን? የላከው ጠበቃ ደውሎ እስኪጠይቅ ነዋ! የሳቸው ደንብ ናት፤ «ሳይጠየቅ የሚሰጥ ምክር ዋጋ የለውም» ይላሉ። ጠበቁ። ዲሴምበር… ጃንዋሪ… የሚደውል ጠፋ። ማን ይደውል? ተከራዩ እሳቸው፣ መካሪው እሳቸው! ያቺ ሞኝ ጸሐፊ በፌብሯሪ ጠየቀቻቸው፦ «ጌታዬ፣ ያ የቤቱ ወረቀት እንዴት ሆነ?» «በሚገባ ታይቷል፣ ጽፌ ጨርሻለሁ» አሏት። በሜይ ደግማ ጠየቀች። «አንዴ ብያለሁ!» አሏት። ምን ታድርግ ታዲያ? ስድስት መቶ ገጽ ከጻፈ ሰው ጋር ቀን ትቁጠር?

ጁን ሃያ አራት መጣች፣ ሄደች። እንግዳ እንኳ እንዲያ ዝም ብሎ አይሄድም። በማግስቱ አከራዩ ጻፈ፣ በጣም ትሑት ደብዳቤ ነው፦ ለመልካም ተከራይነታችሁ እናመሰግናለን፣ ቁልፉን ለማን ትሰጣላችሁ?

ሰማህ? አይ፣ ወንበር ነው የጮኸው። አሮጌ ወንበር ነው፣ ሰው ሲቁነጠነጥበት ይጮሃል።

አሁን እሳቸው ለአሥራ ሦስቱ ባልደረቦቻቸው ምን ብለው ነገሩ መሰለህ? «ደብዳቤውን አላሳየችኝም።» እንዴት ያለ አጭር ንግግር ነው! ዳኛ ፊት ሦስት ቀን የሚናገሩ ሰው በሁለት ቃል ጨረሱት። እና ዛሬ ከምሳ በፊት አሥራ አራቱ ተሰብስበው ያቺን ጸሐፊ ሊያሰናብቷት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሠርታለች። ለጡረታዋ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ጡረታው አይደለም የሚያንገበግባት… «ቤቱን ያስወሰደችው እሷ ናት» ተብላ፣ ስሟ እንደዚህ ተቦጭቆ፣ ደረጃውን መውረዱ ነው። እውነቴን ነው የምልህ ዌንደል፣ ትናንት ማታ አለቀስኩ… አለቀሰች ማለቴ ነው።

እንግዲህ ሰው ማልቀሱን ጨርሶ ሲያበቃ ካርቶን ያሽጋል። ዛሬ ጠዋት የአንድ ትልቅ ሰው ቁምሳጥን ሳሽግ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ጓንት አንድ እግር… አንድ እጅ ልበል እንጂ፣ ከዚያ የደረቀ ብርቱካን፣ ከሥሩ ደግሞ አራት ገጽ፣ ከልቀቅ ደብዳቤው ጋር በሮዝ ጥብጣብ የታሰረ። ኖቬምበር አሥራ ስምንት ይላል። የእጅ ጽሑፋቸው እንዴት ያምራል! እስቲ ጮክ ብዬ ላንብብልህ፣ መነጽሬን ላድርግ። ጮክ ማለቴ ላንተ ነው፣ የጎዳናው ጫጫታ እንዳያስቸግርህ።

አንቀጽ ሦስት። «ተከራዩ ከጁን ሃያ አራት በፊት ካላመለከተ ቤቱን ያጣል። ይህን ቀን ለማሳለፍ ሞኝነት ብቻውን አይበቃም፤ ጥረት ይጠይቃል።» አየህ? በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይላሉ። እሳቸው እኮ ገደሉን አይተውታል! በክንድ ለክተውታል፣ ጥልቀቱን ጽፈዋል፣ ዳሩ ላይ ምልክት ተክለዋል… ከዚያ ነው የገቡት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የት ይገኛል?

አንቀጽ ስምንት። «በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥፋቱን በጸሐፊ ላይ ማላከክ የተለመደ ነው። ደብዳቤው በአለቃው እጅ እስከገባ ድረስ ግን ይህ መልስ አይደለም፤ ነውርም ነው።» እኔን ነው ወይ ብዬ ደነገጥኩ! ሳያውቁኝ እንዲህ ይቆሙልኛል። ሠላሳ አራት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ደግ ቃል ቁምሳጥን ውስጥ ነበር፣ ዌንደል። ጠያቂ አጥቶ።

ዘጠነኛዋ የመጨረሻዋ ናት። «ደብዳቤው እጁ ገብቶ ቀኑን ያሳለፈ ሰው፣ ማዕረጉ የቱንም ያህል ቢሆን፣ በዚያ ቢሮ አንድ ቀን ማደር የለበትም። ይቅርታ መጠየቁም አያድነውም።» ከሥሩ ፊርማቸው ነው። ለማን እንደተጻፈ አላውቅም። ስም የለበትም፣ ስም ትርፍ ነው።

አየህ፣ ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። እሳቸውን መከራ አልመከራቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የመከሩት፣ በነፃ። የሚያሳዝነኝ የሚጠይቃቸው ሰው ማጣታቸው ነበር። ስምንት ወር ሙሉ! ስለዚህ ዛሬ ጠዋት እኔ ጠየቅኋቸው፤ በሩ ላይ ቆሜ፣ «ጌታዬ፣ ያንን ምክር ልውሰደው?» ብዬ፣ ከነጥብጣቡ እያሳየኋቸው። ቀና ሳይሉ «ውሰጂው፣ ውሰጂው» አሉኝ። ትልቅ ሰው በዝርዝር አይያዝም አላልኩህም?

በል እንግዲህ ሥራችንን እንጀምር። ጠረጴዛዎቹን አስቀድም። የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ለመጨረሻ ተወው፣ ገና አልበረደም። አሥራ ሦስት ቅጂ አወጣሁበት። እያንዳንዱን በሮዝ ጥብጣብ አሰርኩና «አስቸኳይ» ብዬ በየባልደረባው የደብዳቤ ሣጥን ከተትኩት። እዚህ ቤት ያልታሰረ አይነበብም። ሁሉም ወስደዋል፣ አንድም አልቀረ። ዋናው ግን የባለቤቱ ነው፣ ይኸው… ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩላቸው። የደብዳቤውን የመጀመሪያ ገጽ ከላይ አድርጌዋለሁ፣ ስምና አድራሻ ያለበትን። ዛሬ እንኳ ጊዜ አላቸው።

እያቸው፣ ጥብጣቡን ፈተው አቀረቀሩ! ማንበብ ሲይዛቸው እንዲህ ናቸው፣ እግዜር ይጠብቃቸው። በል አንተም ባርኔጣህን አውልቅና አሜን በል፣ ያለ ምርቃት ቤት አይለቀቅም። ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው! እጃቸው አይዛል፣ ብዕራቸው አይንጠፍ! ክፉ አይንካቸው፣ ክፉ መካሪም አይጠጋቸው! የደከሙበትን የሚያይላቸው፣ ምክራቸውን አክብሮ የሚሰማ ባልደረባ ዛሬውኑ፣ ከምሳ በፊት፣ ይስጣቸው! የጻፉትንም ሁሉ ፈጣሪ አንዲት ነጥብ ሳያጎድል… በተለይ ያቺን ዘጠነኛዋን… እንደ ቃላቸው ያድርግላቸው!