ስለ አዲሷ ጀልባ ከጠየቁኝ

እንደምን አደሩ፣ ሚስ ዊዳ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እሰይ። ለእኔ ያው ቋሊማ በዳቦና አንድ ከረጢት ቅቅል ኦቾሎኒ ይበቃኛል። ለማጥመጃ የሚሆነው የፕላስቲክ ትል ይቅርብኝ። አዎ፣ የባስ ዓሣ ማጥመድ ውድድሩ ዛሬ መሆኑን አውቃለሁ… ዘንድሮ ከዳር ሆኜ ነው የማየው።

ሐይቁ ነፋስ አለው አሉ። ይሁን፣ ለአዲስ ጀልባ ጥሩ መሞከሪያ ነው። ውጭ ተጎታች ላይ ተጭና የቆመችውን ቀይዋን አዩልኝ? በሚጎትታት መኪና ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ የተቀመጠው አዲሱ የጥርስ ሐኪማችን ነው። የጀልባዋ ባለቤት የት እንደገባ አላውቅም። እዚያ በረዶ ሳጥኑ ጋ የቆሙትን ሰውዬ ማለቴ አይደለም… እሳቸውን የት አውቃቸዋለሁ?

አካሄዷ እንዴት ነው ይሉኛል? ሐሙስ ዕለት ሞክሬያታለሁ። ባለቤቷ የሃያ ሦስት ዓመት የዓሣ ማጥመድ ጓደኛዬ ነው፤ «ና ፍረድላት» ብሎ ወሰደኝ። ፈረድኩላት። እንግዲህ የማወራው ስለ ጀልባዋ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልዎት።

አነሳሷ ግሩም ነው። ገና ነዳጅ ሲሰጧት አፍንጫዋን ሰማይ ላይ ትሰቅላለች። ፊቷ ያለውን ለጊዜው አታይም፤ ኋላዋ ያለውንማ ከነጭራሹ ረስታዋለች። አሮጌዋ ምስኪን እንዲህ ያለ ኩራት አታውቅም ነበር… ሁለታችንንም እኩል ነበር የምትሸከመን።

ፍጥነቷ ሲጨምር ደግሞ ትወዛወዛለች። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። እኔ ጉድለት አልለውም። ለሁሉም ወገን እሺ ማለት ትወዳለች እንጂ። መሪ የያዘ ሰው ሊደነግጥ ይገባው ነበር፤ ባለቤቷ ግን ዝም ብሎ ነዳት። እንዲህ ላለው ነገር ልምድ ያለው ይመስለኛል።

መታጠፍ ላይማ አቻ የላትም። በሙሉ ፍጥነት እየከነፈች ሳለ፣ ምንም ሳታሳውቅ፣ እጥፍ። ድምፅ እንኳ የላትም። ማጠፍ የለመደ እጅ ላይ ነው የወደቀችው፣ ምን ይደረግ?

ማዕበል ላይም አየኋት። የነጂው ወንበር ጠብታ አይነካውም። ውሃው ሁሉ ኋላ ለተቀመጠው ነው። እኔ እስከ አጥንቴ ረጠብኩ። ደስም ብሎኝ ነበር፣ ይመኑኝ፤ ወንበሩ የእኔ መስሎኝ ነዋ። እንደዚያ ተብዬ ነበር… ሚስቴን ሎረታን ቀብረን ስንመለስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ። «ሃስኬል፣ አዲሷ ጀልባ ስትመጣ የኋላው ወንበር ያንተ ነው። ቅዳሜን ብቻህን አትውልም» ተባልኩ። እንግዲህ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ብዙ ነገር ይሰማል። አጥርቼ አልሰማሁም ይሆናል።

ሐሙስ ጀልባዋን አውጥተን ተጎታቹ ላይ ስንጭናት ነው ወንበሩ ለሐኪሙ መሰጠቱ የተነገረኝ። ሐኪሙ ሥራ ይበዛበታል፣ የሚመቸው ቅዳሜ ብቻ ነው። እኔ ሚስት የለኝ፣ ሁሉም ቀን ይመቸኛል። እውነት ነው። ደግሞም ፈገግታው ከጥርሱ ለማያልፍ ሰው የጥርስ ሐኪም ጥሩ ጓደኛ ነው። ከፍቶሃል ወይ ካሉኝ… ከፍቶኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ይልቅ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። የነሐስ ቡሽ ናት፣ የጀልባ ቂጥ ላይ ያለውን ቀዳዳ የምትደፍነው። ሃያ ሦስት ዓመት ይህ የእኔ ሥራ ነበር። ጀልባ ስትወጣ እነቅላትና የገባው ውሃ ይፈሳል፣ እሷን ሸሚዜ ኪስ እከታለሁ። ጀልባ ከመግባቷ በፊት መልሼ አጠብቃታለሁ። ሐሙስም እጄ በልማዱ ነቀላት። ከዚያ ያ ወሬ መጣና… ኪሴ ውስጥ ቀረች። ዛሬ ሸሚዙን ስለብስ ነው ያገኘኋት። ሐኪሙ እንኳ ቀዳዳ መድፈን ሙያው ነው፤ ግን ይኼኛው ቀዳዳ እንዳለ የነገረው ሰው መኖሩን እንጃ። ባለቤቷም ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ አላያትም።

ባንኮኒው ላይ ላስቀምጣት፣ ባለቤቷ ሲመጣ ይስጡልኝ። በረዶ ሳጥኑ ጋ ያሉት ሰውዬ ምነው ፊታቸው እንዲህ ቀላ? በረዶው እጃቸው ላይ እየቀለጠ ነው፣ ፎጣ ይስጧቸው እንጂ።

በሉ ደህና ይዋሉ፣ ሚስ ዊዳ። እኔ ለማንም ክፉ አልመኝም። እግዜር ጀልባዋን ከነፋሱ ይጠብቃት። ሐኪሙንም በደህና ይመልሰው። ለባለቤቷማ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንለት… ዛሬ ሐይቁ መሃል ሲደርስ፣ ጀልባዋ ልክ እንደ ቃሉ የጸናች ትሁንለት።