ሜጋፎኑ ውስጥ ስለነበረው ድምፅ የተሰጠ የምስክርነት ቃል

የምስክሯ ስም፦ ለአካለ መጠን ያልደረሰች በመሆኗ ሙሉ ስሟ በዋናው መዝገብ ብቻ ተይዟል። በሰፈሩ «ልምጣ» ተብላ ትጠራለች።
ዕድሜ፦ 15
የትምህርት ደረጃ፦ ስድስተኛ ክፍል
ሥራ፦ አክስቷን በልብስ ስፌት ታግዛለች
አድራሻ፦ ከሰፈሩ ማኅበር ግቢ በስተጀርባ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ በጸደይ፣ ሐሙስ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል
አብራ የቀረበች አሳዳጊ፦ አክስቷ፣ ልብስ ሰፊ
ጉዳዩ፦ ከሰፈሩ ማኅበር ዕቃ ቤት ጠፋ ስለተባለው የእጅ ድምፅ ማጉያ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ፣ አክስቴ ከጎኔ ተቀምጣ፣ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ድምፄ ዝቅ ያለ በመሆኑ ሳጅኗ ደጋግሜ እንድናገር ጠይቃኛለች፤ የጻፈችውም ደግሜ የተናገርኩትን ነው።

በዚህ ጉዳይ ተጠርጥረው ከማክሰኞ ጀምሮ በፖሊስ ጣቢያው የሚገኙትን የማኅበሩን ዕቃ ቤት ጠባቂ አውቃቸዋለሁ። ሰፈሩ በሙሉ አባ ጋሪ ይላቸዋል፤ ያለ እጅ ጋሪያቸው ታይተው ስለማያውቁ ነው። ዝምድናም ጠብም የለንም። የማውቃቸው የማኅበሩን ችግኞች በፈቃደኝነት ውሃ ስለማጠጣ ነው። ከማኅበሩ ሥራዎች መካከል ይህን የመረጥኩት ሰው ማናገር ስለማይጠይቅ ነው።

ጠፋ የተባለውንም ዕቃ አውቀዋለሁ። ነጭና ቀይ ሜጋፎን ነው፤ እጀታው በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ጀርባው ላይ ሁለት ቁልፎች አሉት። ጥቁሩ ሲጫኑት በውስጡ የተቀዳውን ቃል እየደጋገመ ያሰማል። ቀዩን ሲጫኑት አዲስ ይቀዳል፤ የድሮውን ግን ያጠፋዋል። ሁለት ቃል አንድ ላይ አይዝም።

በውስጡ የነበረው የእናቴ ድምፅ ነው። እናቴ ከመሄዷ በፊት የማኅበሩ ጠሪ ነበረች። ጸደይ ሲገባ ማኅበሩ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሰውን ለሥራ ያስወጣል፤ ቦይ ይጠረጋል፣ የግንብ አጥር ቀለም ይቀባል፣ በመንገድ ዳር ችግኝ ይተከላል። ሰውን ከአልጋው የምታስነሳው እሷ ነበረች። ድምፅዋ ትልቅ ነበር። ቀለም ቀቢው ጎረቤታችን «ሜጋፎኑን ለኛ ስጪንና አንቺ እንዲሁ ጥሪ፣ ይበቃሻል» ይላት ነበር።

አንድ ዓመት ጉንፋን ይዟት ጉሮሮዋ ሊዘጋ ሲል፣ ነገ መጮህ ቢያቅተኝስ ብላ ቃሏን በደጃፋችን ላይ ቀዳችው። ቃሉ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ጎረቤቶች፣ ቅዳሜ ነው፣ ተነሱ። አካፋ ያለው አካፋውን፣ መጥረጊያ ያለው መጥረጊያውን፣ ምንም የሌለው እጁን ይዞ ይውጣ። እንቅልፍ የትም አይሄድም፣ ማታ ታገኙታላችሁ።» ከዚህ በኋላ የትንሽ ልጅ ድምፅ ይሰማል። «እማ፣ እኔም ልምጣ?» ይላል። ልጅቷ እኔ ነኝ። እናቴ የመለሰችልኝ አይሰማም፤ ቅጂው እዚያ ላይ ይቆረጣል። ልጆች ልምጣ የሚሉኝ ከዚያ ጀምሮ ነው። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እስካሁን ነይ አልተባልሽም?» ይሉኛል።

እናቴ ለሥራ ሌላ አገር ከሄደች ይህ ሦስተኛው ጸደይ ነው። የሄደች ዕለት ልምጣ ብዬ አልጠየቅኳትም። ሻንጣዋን መኪና ላይ ሲጭኑላት የበሩን መቀርቀሪያ ይዤ ቆሜ ነበር። የምትሠራው አንድ የታመሙ ሽማግሌ ባሉበት ቤት ነው። መታጠቢያ ቤት ገብታ ስለምትደውል በሹክሹክታ ነው የምታወራው። «ትንሽ ጮክ በይ» ስላት «ይነሱብኛል የኔ እናት» ትለኛለች። ከሄደች ወዲህ ጮክ ብላ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ጮክ የምትለው እናቴ ያለችው ሜጋፎኑ ውስጥ ብቻ ነበር።

ከሄደች በኋላ ሌላ ጠሪ ስላልተገኘ አባ ጋሪ ሜጋፎኑን ጋሪያቸው ላይ አስረው፣ ጥቁሩን ቁልፍ ተጭነው፣ በየመንገዱ ይገፉት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሳ እሰማታለሁ። መጀመሪያ ከታች፣ በዳቦ ቤቱ በኩል፣ የምትለው ሳይለይ ትመጣለች። ጥጉን ስትዞር ቃሏ ይለያል። ከዚያ በራችን ላይ ትደርሳለች። እዚህ ሲደርሱ የአባ ጋሪ ጎማ ሁልጊዜ ይበላሽባቸዋል፤ ጎንበስ ብለው ይነካኩታል። አክስቴ በመስኮት ብቅ ብላ «አባ ጋሪ፣ ያ ጎማ እኛ በር ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚታመመው?» ትላቸዋለች። «ምን ላርገው ልጄ፣ ለምዶበት ነው» ይሏታል። ጎማው ምንም እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በመጨረሻም ጋሪው ይነሳና እናቴ ወደ ላይኛው መንገድ ትሄዳለች። ድምፅዋ እስኪርቅ ድረስ እተኛለሁ። ከዚያ ተነስቼ ችግኞቹን ላጠጣ እወጣለሁ።

ዘንድሮ ማኅበሩ የሥራውን ቀን ወደ እሑድ አዛወረው። ቅዳሜ ሥራ የሚገባ ሰው በመብዛቱና ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ሰኞ ጠዋት ስለሚመጣ ነው። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ ስብሰባ ተደርጎ፣ ሊቀመንበሯ ሜጋፎኑ ቅዳሜ እያለ ሰው ግራ እንዳይጋባ ማክሰኞ ዕለት አዲስ ቃል እንዲቀዳበት አሉ። ሊቀመንበሯ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ናቸው። ይህን ሲሉ ክፋት አልነበራቸውም። ከኋላ ተቀምጬ ሲያዩኝ ትዝ አላቸውና «የእናትሽ ድምፅ እንዳይጠፋብሽ በስልክ ቅጂው» አሉኝ። ቀለም ቀቢው እዚያው በስልኩ ቀዳልኝና አሰማኝ። ስሰማው ግን በስልክ የምትደውልልኝ እናቴ ሆነች። ቀጥናለች። ቀለም ቀቢው «ያው እሷ ናት እኮ» አለኝ። እኔም አዎ አልኩት፤ የደከመበትን ነገር አይረባም ማለት ከበደኝ።

ሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ውሃ አጠጥቼ ስጨርስ አባ ጋሪ በማኅበሩ ግቢ ባለው ችግኝ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ከመንገድ የተጠረገ ቅጠል ለማዳበሪያ እንዲበሰብስ ጆንያ ውስጥ እየጠቀጠቁ ነበር። እኔም «አባ ጋሪ፣ ሳይጠፋ መቅረት አይችልም?» አልኳቸው።

ቀና ሳይሉ «ምኑ?» አሉኝ።

«ድምፁ።»

«አንቺ ዛሬ አወራሽ። ደህና ነሽ?» አሉኝና ጆንያውን አሰሩ። ከዚያ «ቀይዋን ቁልፍ አንቺ አትነኪ፣ እኔ አልነካ። ሌላ ማን ይነካታል?» አሉ።

«ሊቀመንበሯ።»

«እሳቸው መጀመሪያ ያግኙታ።»

ቀልድ መሰለኝ። ደብቁልኝ አላልኳቸውም። ሆኖም ለምን እንደጠየቅኳቸው እንደገባቸው አሁን አውቃለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ ሜጋፎኑ ሲታጣ በግቢው ውስጥ ነበርኩ። በሩ አልተሰበረም፤ መክፈቻውም ያለው አባ ጋሪ ዘንድ ብቻ ነው። ሊቀመንበሯ «የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቋቸው «ከእኔ እጅ ነው የጠፋው» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። አምና ከዚሁ ዕቃ ቤት አካፋና የውሃ ጎማ ጠፍቶ ስለነበር የቆመው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። «ለካ ሌባው ቁልፍ ይዞ ነው የሚጠብቀን» ያለ ሰው ሰምቻለሁ፤ ማን እንደሆነ መናገር አልፈልግም። ሊቀመንበሯም ሰዉ ሲጮህባቸው ወደ ፖሊስ ደወሉ። አባ ጋሪ ከፖሊሱ ጋር ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። አዩኝና በትንሹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዝም በይ ያሉኝ መሰለኝ። ዝም ማለት ደግሞ ለእኔ ቀላል ስለሆነ ዝም አልኩ።

ትናንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እናቴ ደወለች። ስለ አባ ጋሪ አልነገርኳትም። «እማ፣ ያኔ እኔም ልምጣ ስልሽ ምን አልሽኝ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«መቼ?»

«ሜጋፎኑን ስትቀጂ።»

«እኔ እንጃ ልጄ፣ ረሳሁት። መጥተሽ ነበር?»

«መጥቼ ነበር። እጅሽን ይዤ።»

«እንግዲያው ነይ ብዬሻለሁ ማለት ነው» አለችኝ። ወዲያው ሽማግሌው ተጣሩ መሰለኝ፣ ስልኩ ተዘጋ።

ወደ ማታ አክስቴ ቀሚስ እየሰፋች ሳለ «እኒያ ሰውዬ ያን ወገባቸውን ይዘው ሲሚንቶ ላይ እንዴት አድርገው ተኝተው ይሆን» አለች። ለእኔ አልነበረም የምትናገረው፤ ለስፌት መኪናዋ ነበር። እኔ ግን ከዚያ በኋላ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ። የሰኞውን ነገር ነገርኳት። መኪናዋን አቆመችና «ይህን ሆድሽ ውስጥ ይዘሽ ነው ሁለት ቀን እራት የበላሽው?» አለችኝ። ጠዋት አብራኝ ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንደምትመጣም ነገረችኝ።

ዛሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወደ ችግኝ ቤቱ ሄድኩ። የቅጠል ጆንያዎቹ ሁሉ እንደወትሮው መሬት ላይ ነበሩ፤ አንዱ ብቻ ከላይ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ አየሁ። የሚበሰብስ ቅጠል መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ እንዳይረጥብ ብሎ ከፍ የሚያደርገው ሰው የለም። አውርጄ ፈታሁት። ሜጋፎኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቅጠሉ መሃል ነበር።

ጥቁሩን ቁልፍ ተጫንኩ። መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ነበር፤ በኋላ ከፍ አደረግኩት። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ነገር ተረዳሁ። ድምፁ በውስጡ እያለ ሜጋፎኑን ይዤ ከዚያ ግቢ ብወጣ እግሬ ወደ ቤት እንጂ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አይወስደኝም ነበር። መልሼ እጠቀልለውና ሌላ ጆንያ እፈልግለት ነበር፤ አባ ጋሪም እዚሁ ይቀሩ ነበር። ስለዚህ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ።

ተጭኜ መናገር አቃተኝ። የመቅጃው ጊዜ ሞላና በራሱ ዘጋ። መልሼ ስከፍተው የእኔ ትንፋሽና የቧንቧው ጠብታ ብቻ ይሰማል። እናቴ በዚያን ጊዜ ጠፍታለች። ከዚያ በኋላ የሚጠፋ ነገር ስላልነበረ ቆምኩና ደግሜ ተጫንኩ። «ጎረቤቶች፣ እሑድ ነው፣ ተነሱ» አልኩ። የቀረውንም እሷ እንዳለችው አድርጌ አልኩት፤ በቃሌ ነው የማውቀው። ጮክ ብዬ ኖሮ ከአጥሩ ወዲያ የሚያልፍ ሰው «ኧረ ዛሬ ገና ሐሙስ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ከዚህ በኋላ ቤት ሄጄ ከአክስቴ ጋር ወደዚህ ጣቢያ መጣሁ፤ ሜጋፎኑንም ለሳጅኗ አስረከብኩ። ሊቀመንበሯ ተጠርተው መጥተው የማኅበሩ ንብረት መሆኑን አረጋግጠዋል። ዕቃው መሥራቱን ለማየት ሲከፈት ንግግሬን ሰሙና «ይሄ ማን ነው?» አሉ። አክስቴ ወደ እኔ ጠቆመቻቸው። ሊቀመንበሯ አቤቱታቸውን እንደሚተዉና መጀመሪያውኑ አባ ጋሪን ሊጠይቋቸው እንጂ ሊያሳስሯቸው አስበው እንዳልነበር ለሳጅኗ ተናገሩ።

አባ ጋሪ ዕቃውን ከመውሰዳቸው ያገኙት ጥቅም አለ ወይ ተብዬ ተጠይቄ የለም ብያለሁ። ሜጋፎኑን ለምን እንዳስቀመጡልኝ ራሳቸው ያልተናገሩት ለምንድን ነው ተብዬም ተጠይቄ፣ ቢናገሩ ስሜን መጥራት ስለሚኖርባቸው ይመስለኛል ብዬ መልሻለሁ።

የምጨምረው ነገር እንዳለ ስጠየቅ የሚከተለውን አመልክቻለሁ። አባ ጋሪ ዛሬ እንደሚፈቱ ተነግሮኛል። ሲወጡ ሜጋፎኑ መገኘቱ ይነገራቸው፤ ድምፁ መጥፋቱ ግን ዛሬ እንዳይነገራቸው እለምናለሁ። ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ የተኙት ለእሱ ነው። እንዳዳኑልኝ አስበው ቤታቸው ይግቡና ይተኙ። እሑድ ጠዋት ሲከፍቱት ያውቁታል፤ ያን ጊዜ ጋሪውን አብሬያቸው እየገፋሁ አጠገባቸው እሆናለሁ።

ከዚህ በላይ የተጻፈው አክስቴ እየሰማች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። አንድ ቦታ ላይ «ሰረቁ» ተብሎ የተጻፈው በጥያቄዬ «አስቀመጡልኝ» በሚል ታርሟል። ያየሁትንና ያደረግኩትን ተናግሬአለሁ፤ ማንንም ለመጥቀም ወይም ለመጉዳት ያጣመምኩት የለም። እውነት ለመሆኑ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ____________
አብራ የቀረበችው አክስት ፊርማ፦ ____________
ቃሉን ተቀብላ የጻፈችው ሳጅን ፊርማ፦ ____________