የኮከብ ሠራተኛዋ አንጓ

በደርግ ጊዜ፣ በአንድ የሠራተኞች ቀን፣ ከናዝሬት ወዲያ ባለ የመንግሥት ብርቱካን እርሻ ኮከብ ሠራተኛ የተባለችው ጫልቱ ዋንጫዋን እንደተቀበለች አንጓዋን ጠዘጠዛትና ከእጇ ወደቀባት። ዜናዋን የሠራሁት እኔ ነበርኩና በማግስቱ ሐኪም ቤት አደረስኳት። ሐኪሙ አውራ ጣቷን አስጨብጦ አንጓዋን ወደ ትንሿ ጣት ሲያጥፈው ጮኸች።

«ወጌሻው ወለምታ ነው ብሎ ሦስቴ አሽቶኛል» አለችው።

«እሱማ አባሰው። ቀኑን ሙሉ ብርቱካን በመቀስ ስትቆርጪ የጅማትሽ ሽፋን ተቆጥቷል። አስሬልሽ አንድ ወር ታሳርፊዋለሽ።»

«ትናንት ተጨብጭቦልኝ ዛሬ ልረፍ? አሻጥረኛ ይሉኛል እኮ ዶክተር!»

«ካላረፍሽ ይህ እጅ ማንኪያም አያነሳም።»

ወደ እኔ ዞረች። «ያንን እንደጻፉ ይህንንም ይጻፉልኛ፣ ጓድ።»

እንዲህ ያለ ዜና እንደማይወጣ ነገርኳት፤ እውነቴን ነበር። እርሻው በር ላይ ስንደርስ ፋሻውን በጥርሷ ፈትታ፣ ሐኪሙ የጻፈላትን የዕረፍት ወረቀት አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ገባች።

ክረምቱ ሲገባ ያው ሐኪም መንገድ ላይ አስቆመኝ። ከዚያ እርሻ ብዙ ሴቶች በዚሁ ሕመም እንደመጡበት ነገረኝ። ኃላፊዎቹ ዜናዬን ሰሌዳ ላይ ለጥፈው፣ ጫልቱ በአንድ ቀን ለቀመች ብዬ የጻፍኩትን ብዛት ለሁሉም የዕለት ኮታ አድርገውት ኖሯል።